በልክ የተሰፋች ጀልባ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ልብስ ሰፊዋ ጀልባ ሰፋች። አናጢ ጀልባ ቢሠራ ማንም አይገረምም፣ በያጅም ቢሠራ ያው ነው፤ የሱሪ ኪስና የጉርድ ቀሚስ ዚፕ ስትቀይር የምትውል ሴት ግን ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ትሠራለች ብሎ ማን ያስባል? እሷ አሰበች። አስባም አልቀረች፣ ሰፋቻት።

ሱቋ ጠባብ ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ረጅም መስታወት፣ በቃ። የጀልባዋን አጽም ከቀርከሃና ከቀጫጭን ጣውላ አስራ ስትጨርስ መሬት ላይ የምታሳርፍበት ቦታ ስላጣች ከጣሪያው ላይ በገመድ አንጠለጠለችው። አንድ ዓመት ሙሉ ደንበኞቿ ከጀልባ ሥር ቆመው ተለኩ። የቆጣሪ አንባቢ የሆነው ባሏ፣ “ሰው ጣሪያው ላይ አምፖል ይሰቅላል፤ የእኔ ሚስት ዓሣ ነባሪ ሰቀለች” እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራ ነበር። ቢያሾፍም ቅዳሜ ከሰዓት ሸራውን ወጥሮ የሚይዝላት እሱ ነው። ሸራው በወፍራም መርፌ አጽሙ ላይ ተሰፋ፤ ስፌቱ በሰም ታሸ፤ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ተቀባ። በመጨረሻ ቀዛፊው የሚገባበት ክብ አፍ ከላይ ተከፈተላትና ዙሪያውን በእንጨት ቀለበት ተያዘ።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ጉዳይ ነው። የሐይቁ ቀዛፊዎች በዓመት አንዴ አብረው ወደ ደሴቷ ይሻገራሉ። እሷም ሁለት ጊዜ ተሻግራለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን በኪራይ ታንኳ፣ የሰው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ። ከዚያ ወዲህ ስሟ “ተሳፋሪዋ” ሆኖ ቀረ። ሲጠሯት አብራቸው ትስቃለች፣ ውስጧ ግን ይቃጠላል። ዘንድሮ በገዛ ጀልባዋ ካልተሻገረች ዕድሜ ልኳን ተሳፋሪ መሆኗ ነው፤ እንዲህ ነበር የታያት።

መሻገር ደግሞ ሕግ አለው። አንድ ሳምንት ሲቀር እሑድ ጠዋት ሁሉም ጀልባውን ይዞ ይመጣና ይቀያየራል። አንዱ የሌላውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይዞ ውሃው ላይ እስከሚንሳፈፈው ቢጫ በርሜል ቀዝፎ ይመለሳል፤ ሲመለስ አንድ ምስጋናና አንድ እንከን ይናገራል። ባለቤቱ ዳር ቆሞ አፉን ይይዛል፤ መምከር የለ፣ መጮህ የለ። አዲስ ጀልባ ከሆነች ሦስት ሰዎች ቀዝፈዋት ሦስቱም ሳይረጥቡ መመለስ አለባቸው። መሃል ሐይቅ ላይ አንዱ ቢታመም ሌላው ጀልባውን ይረከበዋላ! ባለቤቷ ብቻ የምትችላት ጀልባ ለሁሉም መዘዝ ናት።

ያን እሑድ ዳርቻው ደምቋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ካያክ፣ የአንድ ሰው ጠባብ ጀልባ፣ ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሰው ጀልባ ሆድ ይዳብሳል። ከውፍረቱ የተነሣ “ግንዱ” የሚሉት የአውቶቡስ ሾፌር አብራቸው የምትቀዝፈውን የአንዲት ነርስ ቀጭን ፋይበርግላስ ካያክ ከፍ ዝቅ አድርጎ እያየ፣

“ይቺ መርፌ ናት እንጂ ጀልባ ናት?” አላት።

“የአንተስ ሶፋ አይደለች? ቴሌቪዥን ብቻ ነው የቀራት!”

“ሶፋም ብትሆን ማንንም ገልብጣ አታውቅም፣ እህቴ።”

ልብስ ሰፊዋ የነርሷን ካያክ ሞከረች። በሁለት ቀዘፋ በርሜሉ አጠገብ ደረሰች፤ ልትዞር ስትል ካያኩ እንደ ባለጌ በቅሎ ዘወር አለባትና ነፍሷ ልትወጣ ደረሰ። ስትመለስ “ምስጋናዋ ፍጥነቷ፣ እንከኗም ፍጥነቷ!” ብላ ጮኸች፤ ሰው ሳቀ። እንዲህ የተደሰተችበት ቀን ትዝ አይላትም። ጉንጯ ይግላል፣ ከሁሉም ጋር ባንዴ ማውራት ያምራታል።

ያልሳቁት ጋሼ ሚዛን ብቻ ናቸው። ጋሼ ሚዛን ሽማግሌ አናጢ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቀዘፏትን የእንጨት ታንኳ ራሳቸው ሠርተው፣ በየዓመቱ ቫርኒሽ የሚቀቡ፣ በጫማ የገባባትን ሰው ዓመት የሚያኮርፉ። ስሙ የወጣላቸው የሰው ጀልባ ላይ ሲቀመጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ግራ ቀኝ ስለሚመዝኗት ነው። ስለ ሸራዋ የሰሙ ዕለት፣ “ጨርቅ ለገላ እንጂ ለሐይቅ አይሆንም” ብለው ነበር። እሷም ሙያ በልብ ነው ብላ መስፋቷን ቀጠለች።

ሰማያዊዋ ጀልባ ወረደች። መጀመሪያ ነርሷ ገባች፤ ሄደች፤ ሳትረጥብ መጣች።

“ምስጋናዋ ዝምታዋ! ውሃው ላይ መሄዷን እንኳ አልሰማሁም” አለች። “እንከኗ... ቀለበቱ ዳሌዬን ነከሰኝ።”

አንድ አለ። ቀጥሎ ግንዱ ሊገባ እግሩን አስገባ፣ ጉልበቱን አስገባ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እምቢ አለ። ትንፋሹን ስቦ ራሱን ወደ ታች ገፋ። ሲሰለቸው ብድግ ቢል ጀልባዋም ወገቡ ላይ እንዳለች አብራው ተነሣች። ዳርቻው በሳቅ ፈረሰ። ባሏ እንኳ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሷ ብቻ ደርቃ ቀረች። ወዲያው ገብቷታል። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ልክ ስትወስድ የኖረች ሴት ለጀልባዋ የወሰደችው የራሷን ልክ ብቻ ነው! ሱቅ መስታወቱ ፊት ቆማ፣ ዳሌዋን ለክታ፣ ሁለት ጣት ጨምራ፣ እንደ ክት ልብስ ልክክ አድርጋ ሰፋቻት። ለሌላ ሰው መሆን እንዳለባት የሚያዘውን ሕግ እያወቀች! እንባዋ መጣ።

“ይቺማ ቀሚስ ናት” አሉ ጋሼ ሚዛን። “ያማረች ቀሚስ። ለከርሞ ጀልባ አድርገሻት ትመጫለሽ።”

“ጋሼ፣ መቀያየሩ ስንት ሰዓት ነው የሚያበቃው?”

“ስድስት ሰዓት። ለምን ጠየቅሽ?”

ከቦርሳዋ መቀሷን፣ ወፍራም መርፌዋን፣ የሰም ክሯን አወጣችና ጀልባዋ አጠገብ ተንበረከከች። የጀልባዋ ጎን ሰፊ ነው፤ ጠባቡ አፏ ነው። የእንጨቱን ቀለበት ስፌት መተርተር ጀመረች።

“ምነው፣ አበድሽ እንዴ?” አለ ባሏ ቀስ ብሎ። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማሽም?”

“ሰው ይወፍራል እያልኩ ለደንበኞቼ ሁልጊዜ ምን እተዋለሁ?”

“ትርፍ ጨርቅ።”

“እዚህስ ያልተውኩ ይመስልሃል?”

ቀለበቱ ሲወልቅ ከሥሩ አራት ጣት የሚሆን ሸራ ታጥፎ ተቀምጧል። የእጅ ልማድ ነው፤ እሷ ብትረሳ እጇ አልረሳም። ባሏ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ግንዱ ጀልባውን መኪና ላይ የሚያስርበትን ገመድ እየጎተተ እየሮጠ አመጣላት። የጉርድ ቀሚስ ወገብ ውስጥ ገመድ እንደምታስገባው ሁሉ፣ አፉን አስፍታ፣ ትርፉን ሸራ በገመዱ ላይ ጠቅልላ ሰፋችው። ነርሷ ክር ትሰካላታለች፣ ባሏ ሸራውን ይወጥራል፣ ግንዱ ሰዓቱን ይጠራል። ጣቷን ሁለት ቦታ ወጋችው፣ ግን አልተሰማትም። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ግንዱ ገባ። ገመዱ እንደ ሰውነቱ ሆነለት። ጀልባዋ ዝቅ ብትልም ውሃ አልጠጣችም፤ በርሜሉን ዞሮ እየዘፈነ መጣ።

“ምስጋናዋ አቅፋ መያዟ! እንከኗ ጉልበቴን አላስዘረጋ ማለቷ!”

ሁለት። ሌላው ሁሉ ተራውን ጨርሷል፤ ሦስተኛ ሊሆን የሚችል፣ ገና ያልቀዘፈ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ሚዛን ጫማቸውን አወለቁ። ማንም ሳይነግራቸው ነው ያወለቁት። ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ግራ ቀኝ መዘኑ። ከዚያ መቅዘፊያውን አንሥተው ሄዱ።

በርሜሉ ጋ ደረሱ። አልዞሩም። አልፈውት ሄዱ፤ ውሃው ዳር ከበቀለው ደንገል ጀርባ ገብተው ጠፉ።

ስፌቱ ለቆ ይሆን? ሰሙ በቅጡ ሳይታሽ ቀርቶ ይሆን? እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ ነው ሲሉ ሰምታለች። ልትጣራ አፏን ከፈተች፣ ሕጉ ትዝ ሲላት በመዳፏ ከደነችው። ባሏ እጇን ያዘ። ነርሷ የመንሳፈፊያ ጃኬቷን ለብሳ፣ ካያኳን ወደ ውሃው ገፍታ፣ አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር አለፈ። ልብስ ሰፊዋ ደሴቷን ረስታ፣ ሽማግሌው ብቻ ይምጡልኝ አለች።

መጡ። በተረጋጋ ቀዘፋ፣ ትንሽ ልጅ የሚያስመስል ፈገግታ ይዘው መጡ። ወርደው የሱሪያቸውን ቂጥ ለሰው ሁሉ አሳዩ፤ ደረቅ ነው። ግንዱ ሊጮህ ሲል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

“ምስጋናዋን ዛሬ ተናግሬ አልጨርሰውም” አሉ። “እንከኗ አንድ ነው።”

“ምንድን ነው፣ ጋሼ?” አለች።

“የእኔ አለመሆኗ።”

ከዚያም ጃኬታቸውን አውልቀው ለባሏ አስያዙ፤ ሱቅ ውስጥ መስታወት ፊት እንደሚቆም ደንበኛ ቀጥ ብለው ቆሙና እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ።

“ሜትርሽን ይዘሻል?”

ሜትሩ ከጠዋት ጀምሮ አንገቷ ላይ ነበር። አወረደችውና እንባዋን ሳትጠርግ ልካቸውን መውሰድ ጀመረች።