የመሪጌታ አንድ መስመር

ባለፈው እሑድ ሲ.ኤም.ሲ ቤታችን ምሳ እየበላን የልጅ ልጄ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ የመጪዎቹን ዓመታት የፋሲካ ቀን ደርድራ አነበበችልኝ። «አባባ፣ እርስዎም ያሰሉት ነበር አሉ። ማን አስተማረዎት?» የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት።

በሃምሳዎቹ በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ በባሕረ ሐሳብ ላይ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን በምታወጣበት ቀመር። ያስተማሩኝ የእንጦጦ ማርያሙ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ዳገት፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ እየሸተተኝ፣ ለእንጨት ተሸካሚዎች መንገድ እየለቀቅኩ እወጣ ነበር። የኔታ በጣታቸው አንጓ ያሰላሉ፤ እኔ የባቄላ ቆሏቸውን እየቆረጠምኩ እጽፋለሁ።

በቀመሩ ውስጥ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ድምራቸው ግን ምንጊዜም ሠላሳ ነው። ለምን እንደሆነ ሦስት ገጽ ማስረጃ ጽፌ፣ ደረቴን ነፍቼ አነበብኩላቸው። የኔታ ሳቁ።

«አንዱን ቁጥር በዐሥራ አንድ ታበዛለህ፤ ያንኑ በዐሥራ ዘጠኝ ታበዛለህ፤ ሁለቱንም በሠላሳ ትገድፋለህ፣ ሠላሳ ሠላሳውን ጥለህ ቀሪውን ትይዛለህ። ዐሥራ አንድና ዐሥራ ዘጠኝ ስንት ነው፣ ልጄ?»

ሦስቱን ገጽ ቀድጄ ያንን አንድ መስመር ተካሁ፤ ከሥሩ ስማቸውን ጻፍኩ። ይህንንም ነገርኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያሰሉ ስማቸው ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም። ሲያልቅ አምጥተህ አሳየኝ አሉኝ።

አማካሪዬ ከውጭ ተምሮ የመጣ ያገሬ ሰው ነበር። እስከ ዛሬ አንቱ ልለው አልቻልኩም። ስማቸውን በቀይ ሰረዘው። «ደብተራ ምንጭ አይሆንም። መጽሐፍ ከነገጹ አምጣ፣ አለዚያ አትመረቅም» አለኝ። ደሜ ፈላ። ታዲያ ምን አልኩ? እሺ ጌታዬ! ስለ አበቅቴ አንዲት ቃል ያልተነፈሰ የፈረንጅ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ፈልጌ፣ በየኔታ ቦታ የፈረንጁን ስም በእንግሊዝኛ ታይፕ አስመታሁ። ተመረቅኩም።

በሐምሌ ዝናብ ጽሑፉን በብብቴ ይዤ፣ ጭቃውን እያቦካሁ ወደ እንጦጦ ወጣሁ።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

የኔታ እንግሊዝኛ አያነቡም። ጣቴ ሄዶ የፈረንጁ ስም ላይ አረፈ።

«እዚህ ጋ ነው፣ የኔታ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው ሳሙት።

ያንን አማካሪ ስረግም ስድሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ስማቸውን የሰረዘው እሱ ነው፤ እዚህ ጋ ነው ብዬ ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ። ለራሴ የሚሆን እርግማን እስካሁን አላገኘሁም።

«መሪጌታ ወልደ ሰንበት ይባላሉ» አልኳት ለልጅቷ። «ጻፊው። በእኛ ፊደል ጻፊው፣ ሊያነቡት በሚችሉት!»

ጠረጴዛውን መታሁት መሰለኝ፣ ልጅቷ ደነገጠች። እሷ ምን አጠፋች።