የአውራ ጣት እናት

በሸንጎው ስብሰባ ላይ፣ እናቱ የታሰረችበት ልጅ ለዘመድ ይሰጥ እንጂ ወደ ማሳደጊያ አይጫን ብዬ ተናገርሁ። ተጨበጨበልኝ። ክረምቱ ሳይወጣ፣ በመረጠኝ ሕዝብ መሐል፣ እዚያው ቆቦ ላይ የመንግሥት ሰዎች ያዙኝ።

የሴቶቹ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ማሽላ ማሽላ ይሸታል፤ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ የእናቷን ሻሽ ጫፍ የምታኝክ ሕፃን አየሁ። ክው አልሁ። ስለ እስረኛ ልጆች ያን ያህል ስናገር፣ ልጅ ራሷ ታስራ አይቼ አላውቅም ነበር።

እናቷ የዋጃ ሴት ናት፤ ባልሽ ጫካ ገባ ተብላ ነው የታሰረችው። ዘመዶቿን ድርቁ ጨርሷቸዋል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠባቂው ስሟን ጠርቶ እንድትዘጋጅ ነገራት፤ ዕቃሽን ግን ተይው አላት። ልጅቷን ከሰዓት በኋላ የማሳደጊያው መኪና ይወስዳታል ብሎ ሄደ። ዕቃ ተይ የተባለች ሴት እንደማትመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እሷ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

«እታለም፣ ስለ ልጅ ስትናገሪ በሬዲዮ ሰምቼሻለሁ። አጥቢልኝ። አደራ።»

ወልጄ አላውቅም፤ ወተት ከየት ይምጣ? አገሩ ግን ወግ አለው። ያልወለደ ሰው አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ በምስክር ፊት ካጠባ፣ ልጁ የራሱ ልጅ ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይባልም። አንዲት አሮጊት ለተገረፈ እግሯ ቁስል የቆጠበቻትን ማር አመጣች። አውራ ጣቴን ማር ቀብቼ ለልጅቷ አጠባኋት። እናቷ «ቢስሚላህ» ብላ ልጅቷ ጠብታ እስክትጨርስ ቆማ አየች። ከዚያ ጠባቂው መጣና እናቷን ይዟት ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ዘመድ የሌላት ልጅ የታለች አለ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ተነሣሁ።

«እናቷ እኔ ነኝ። አጥብቻታለሁ።»

ሴቶቹ ሁሉ ተነሥተው ምስክር ነን አሉ። አሮጊቷም በዚያ እግሯ ቆመች። ጠባቂው የራያ ሰው ነው፤ ማር የነካውን የልጅቷን ከንፈር ረዘም አድርጎ አየ።

«የጡት ልጅ ነጥቄ የት ልገባ» ብሎ በሩን ዘጋው።

ስፈታ አዝያት ወጣሁ። ሃይማኖቷን አልነካሁባትም፤ ዛሬ ትሰግዳለች፣ ወልዳም ስማለች። አንዳንዴ ስለ እናቷ መጨረሻ ትጠይቀኛለች። የማውቀውን ሳልደብቅ እነግራታለሁ። የማውቀው ግን እስከ በሩ ድረስ ነው።