ሶሎንጎ ቋሚ የሆነችበት ዓመት

ሶሎንጎ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላት ዕለት አለቃችን አቶ ኩሮይዋ የእንጆሪ ኬክ ገዝተው መጡ። ማሽኖቹን አጥፍተን ከበብናትና ዘፈንን። እሷ ሻማዎቹን አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"አያችሁ፣ እንዴት ደስ እንዳላት!" አሉ የአለቃ ሚስት እትዬ ቺዙኮ።

"ደስ አላለኝም" አለች ሶሎንጎ አፍንጫዋን እየጠረገች። "ዛሬ አምስት ነጥብ ጎደለብኝ።"

ድርጅታችን ሂጋሺ ኦሳካ ውስጥ የበር መዝጊያ ሞላ የሚሠራ ነው፤ አለቃንና ሚስታቸውን ጨምሮ ዘጠኝ ነን። ሶሎንጎ ሞንጎሊያዊት ናት። እዚሁ ጃፓን በብረታ ብረት ሁለተኛ ዲግሪዋን ሠርታ የመጣች፣ ያለችን አንዲት መሐንዲስ። መንግሥት ደግሞ እንደሷ ላሉ የውጭ ባለሙያዎች ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል፦ ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለልምድ ይህን ያህል፣ ለቋንቋ፣ ለደመወዝ፣ ለወጣትነት። ሰማንያ ነጥብ ይዞ አንድ ዓመት የቆየ ሰው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያልሞላለት ለዓመታት ይጠብቃል። ሶሎንጎ ልክ ሰማንያ ነበራት። ማመልከቻዋን ልታስገባ ጥቂት ሲቀራት ልደቷ ቀደማት።

አለቃ ነገሩ አልገባቸውም። "ቆይ፣ ቆይ። ከትናንቷ ሶሎንጎ የዛሬዋ ታንሳለች ነው የሚሉት?"

"በሰንጠረዡ መሠረት፣ አዎ።"

"እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ለዕድሜ ስንት ይሰጡኛል?"

"ምንም።"

"ይኸው!" አሉ እትዬ ቺዙኮ ኬኩን እየቆረሱ። "እኔ ስናገር ማን ሰማኝ? መንግሥትም ደረሰበት።"

አለቃ ግን ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ሰኞ ጠዋት አዲስ የስም ካርድ አሳትመው መጡ፦ "ሶሎንጎ፣ የምርምርና ልማት ክፍል ኃላፊ።" ክፍሉም ወዲያው ተቋቋመ። ጃንጥላና ሩዝ መቀቀያ የምናስቀምጥበት ጥግ ላይ ሰሌዳ ተሰቀለበት። ሶሎንጎ ኢሚግሬሽን ደውላ ጠየቀች፤ ለመሐንዲስ የማዕረግ ስም ምንም ነጥብ አያስገኝም ተባለች። ሰሌዳው ግን አልወረደም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ ምርምር ክፍል ገብተን ጃንጥላ እናወጣለን።

የቀረው ቋንቋ ነበር። የመጨረሻውን ደረጃ የጃፓንኛ ፈተና ካለፈች የጎደላት አምስት ነጥብ ይሞላል። እኛም በምሳ ሰዓት ልናስጠናት ተሰበሰብን፤ ቋንቋው የእናት የአባታችን አይደል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበችልን።

"ሦስተኛው ነው" አለ የማሽን ሠራተኛው ሞሪሺጌ፣ ኑድሉ አፉ ውስጥ እንዳለ።

"አራተኛው ነው እንጂ! አንተ ትምህርት ቤት የገባኸው በመስኮት ነው?" አሉ አለቃ።

እኔ አንደኛው ነው አልኩ። ሶሎንጎ መልሱን ገልጣ አየች። "ሁለተኛው ነው" አለች ቀስ ብላ።

ሁላችንም ወደ ሳህናችን አቀረቀርን። "ይሄ ጃፓንኛ አይደለም" አሉ አለቃ በመጨረሻ። "ሥራ የፈቱ የቶኪዮ ሰዎች የፈጠሩት ነው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሶሎንጎ ምሳዋን ይዛ ብቻዋን መናፈሻው ጋ ማጥናት ጀመረች። አለፈችም።

ወሬው ጎረቤታችን ዋኪሳካ ጋ ደረሰ። ዋኪሳካ የብረት ቅብ ቤት ያለው፣ የሰውን ጉዳይ ከራሱ ጉዳይ በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። "ኩሮይዋ፣ ሞኝ አትሁን" አላቸው። "ቪዛዋ ካንተ ድርጅት ጋር ስለታሰረ ነው የተቀመጠችው። ቋሚውን ባገኘች ማግስት ትልቅ ኩባንያ ገብታ ታገኛታለህ።"

አለቃ ያን ቀን ፊታቸው ጠቆረ። ሶሎንጎ እሳቸው ዘንድ እንደምትሠራ የሚገልጽ አንድ ወረቀት ላይ ማኅተም መምታት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። መጀመሪያ ማኅተሙ ጠፋ። ቀጥሎ ቀለሙ ደረቀ። ቀጥሎ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን፣ መልካሙንና ክፉውን ቀን የሚለየውን ቀን መቁጠሪያ አይተው "ዛሬ ቀኑ ገደ ቢስ ነው" አሉ።

ሶሎንጎ ፊታቸው ቆመች። "አለቃ፣ ማኅተሙ ኪስዎ ውስጥ ነው። ይታያል።"

አለቃ ደረታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። "ትሄጃለሽ አይደል?"

"ልሄድም ላልሄድም እችላለሁ። መሄድ ስለማልችል እስካሁን አስቤው አላውቅም።"

እትዬ ቺዙኮ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው መጡ፤ የባላቸውን እጅ አንሥተው ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡና ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። "አርባ ዓመት አብሬህ የኖርኩት ማኅተም ደብቀህብኝ ነው?" አሏቸው።

ፈቃዱ በመከር ወጣ። ሶሎንጎ ካርዷን ልታሳየን ስትገባ፣ አለቃ ለቀብር የሚለብሱትን ጥቁር ሱፍ ግጥም አድርገው፣ የመሰናበቻ ንግግር በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"ማን ሞተ?" አለች ደንግጣ።

"አንቺ ልትሄጂ አይደለም እንዴ?"

"ልሄድ ነው እንጂ።" አለቃ ንግግራቸውን ገለጡ። "አገሬ ዳርካን፣ እናቴ ጋ። አንድ ወር ዕረፍት እፈልጋለሁ።"

"ወር ሙሉ! ቀጭን ሞላ የሚጠቀልለውን ማሽን ማን ያስተካክለዋል?"

"እርስዎ።"

በሁለተኛው ሳምንት ማሽኑ ቆመ። አለቃ በቪዲዮ ደወሉ፤ ስልኩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የመጡት ግን ነጠላ የወርቅ ጥርስ ያላቸው አሮጊት ናቸው። አለቃን ትክ ብለው አዩና በሞንጎልኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አሉ አለቃ።

የሶሎንጎ ድምፅ ከጀርባ መጣ። "'ይሄ ሰውዬ ለምን እንዲህ ከሳ? ምሳ አያበሉትም?' እያለች ነው።"

አለቃ ሳያስቡት ቀበቷቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ሶሎንጎ የትኛውን ብሎን እንደሚያላሉ ነገረቻቸው፤ እናትየዋም በየመሐሉ ምክር ይጨምሩ ነበር። ማሽኑ ተነሣ። በማግስቱም ደወሉ፤ ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ሶሎንጎ በወሩ መጨረሻ ተመለሰች። ዋኪሳካ በተገናኘን ቁጥር "ገና አልሄደችም?" ይለኝ ነበር። በቅርቡ ግን በሩ ላይ አስቆመኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብረት የሚያውቅ፣ ሥራ የሚፈልግ የአገሯ ልጅ ይኖር እንደሆነ ሶሎንጎን እንድጠይቅለት ለመነኝ።