የምሽጉ ድጋፍ እንጨት

ኮረብታው ላይ ውጡ የተባልነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነበረው። ከፍኖተ ሰላም ስንነሳ «ሰሜን እኮ ሙቅ ነው» ያለኝን ሰውዬ ባገኘው! ብርዱ አጥንት ይበላል። ዛፍ ደግሞ የለም፤ ከእኛ በፊት የነበረው ጦር ለቃቅሞ ጨርሶታል።

ምሽጋችን ግን ደህና ነበር። ግንድ ተረብርቦ፣ አፈርና ድንጋይ ተጭኖበት፣ ከሥር በድጋፍ እንጨቶች ቆሟል። አለቃችን አስር አለቃ ፈንቴ የቡሬ ልጅ ነው። ገና ስንገባ ድጋፉን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ይቺ እናታችሁ ናት። የነካት ወየውለት!» አለን። ከእሱ ጋር ስምንት ነበርን። ሰባታችንም «እሺ» አልን።

እኛ አገር ክረምት ላይ ደረቅ እንጨት ካለቀ ሰው ከአጥሩ አንድ ሁለት ይነቅላል፣ በበጋ ይተካል። ማንም ነውር አይለውም። እኛ ደነዞቹ ያንን ልማድ ይዘን ግንባር ሄድን። አጥር ሲሳሳ እኮ የሚገባው የጎረቤት ጥጃ ነው!

የሰከላው አለልኝ ሳል ጀምሮት ይንቀጠቀጣል። አንድ አመሻሽ የደምበጫው ይበልጣል እሳት አንድዶ ጠበቀን። ደረቅ እንጨት፣ ጭስ እንኳ የለው።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከጥጉ ድጋፍ። አንዲት ናት ባክህ።»

«አስር አለቃው ቢያይስ?»

«ካየማ ይሙቃ!»

ሳቅን። ሞቅንም።

በማግስቱ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሌላው። ሁሉም «አንዲት ናት» ይላል። ፈንቴ አላየም እንዳትሉኝ። ቀና ብሎ ድጋፉን አየ፣ እኔን አየኝ፣ የአለልኝን ሳል ሰማ፤ ከዚያ እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። ምናለ ያኔ በጥፊ ቢለኝ! እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ከጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል ጠላት መድፍ መተኮስ ጀመረ። እኔ ውጪ ጥበቃ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያው አለፈን። ሁለተኛው አጠረ። ሦስተኛው ከጎናችን ወደቀ። ምሽጉን አልመታውም። ልብ በሉ፣ አልመታውም። መሬቱ ተንቀጠቀጠና ጣሪያው ከጥጉ ጀምሮ ቁጭ አለ።

ከጎን ምሽግ ሰዎች ሮጠው መጡልኝና በእጃችን ቆፈርን። አራቱን በሕይወት አወጣን። ፈንቴ ከአፈሩ ሥር ድምፁ ይሰማ ነበር። «እኔን ተዉኝ፣ አለልኝን አውጡ» አለ። ከዚያ ዝም አለ።

ሦስት ሰው ቀበርን። ፈንቴ፣ አለልኝ፣ ይበልጣል። ሪፖርቱ «በመድፍ» ይላል።

ስመለስ ቡሬ ወርጄ የፈንቴን እናት አየኋቸው። እንዴት እንደሞተ አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ ያ አገር ብርድ ነው አሉ» አሉኝ።

«ብርድ ነው እማማ። ግን እሳት ነበረን።»

«ተመስገን» አሉ፤ ደስ አላቸው።