ይቅር ያልኩት ሰው አይገባም

ባለቤቴን የቀበርን ሰሞን ታናሽ ወንድሙ ደላላ ይዞ መጣ። ለቀስተኛው ገና ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እነሱ በጓሮ በኩል ቤቱን ይለኩ ነበር። ወጥቼ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የወንድሜን ቤት ነዋ የምለካው። አንቺ ልጅ አልወለድሽለት። ማን ሊወርሰው ኖሯል?»

ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል ስናድር ቤቱን እንዲጠብቅልን የሰጠነው የውጭ በር ቁልፍ እጁ ላይ ቀርቶ ስለነበር ባሻው ሰዓት ይገባል። አንድ ቀን «ሽጠሽ ውጪ» አለኝ። እምቢ ስለው ከኩሽናው ደረጃ ገፈተረኝና የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ ተጣሞ ስለገጠመ ይህንንም የምጽፈው እያረፍኩ ነው። እሱ ወደ ጊምቢ ከተማ ሸሸ።

ወንጌሉ እንደሚያዘው በመጀመሪያ ለብቻው ደውዬ በደሉን ነገርኩት። «ስልክ መያዝ ችለሻል እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ሁለት ምስክሮች ላክሁበት፤ ሰደባቸው። በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ተናገርኩ፤ ሽማግሌዎቹም ቀን ቆርጠው ጠሩት።

መጣና ተንበርክኮ አለቀሰ። ልቅሶው የውሸት አልነበረም። እኔም ከልቤ ይቅር ብዬ ጉንጩን ሳምኩት። በልማዳችን የታረቁ ሰዎች በተበዳዩ ቤት ከአንድ ትሪ ይበላሉ። እኔ ግን ምግቡን አብስዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አስመጣሁትና እዚያው በላን።

ዳዊት ሳኦልን ሳይገድል እንደተወው ሲሰበክ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ሲሰብክ የሰማሁት የለም። ሳኦል እያለቀሰ ልጄ ብሎታል፤ ዳዊትም ምሎለታል፤ ሳኦል ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ዳዊት አልተከተለውም። ወደ አምባው ነው የወጣው። እኔም በዕርቁ ቀን ጠዋት የበሬን ቁልፍ አስቀይሬ ነበር።

አመሻሽ ላይ ባጃጅ ደጄ ቆመ። እሱ ሻንጣ ይዞ ወረደ፤ እናቱ ከውስጥ ናቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች በእግር ደረሱ። ቁልፉን ቢከተው አልዞር አለው።

«ዋርሳ!» የወንድም ሚስት በአገራችን እንዲህ ትጠራለች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«አዲስ ቁልፍ ነው።»

«ታርቀን የለም እንዴ?»

«ታርቀናል። ባንታረቅማ ፖሊስ ነበር የምጠራው።»

አንደኛው ሽማግሌ ወደ በሩ ተጠጉ። «አዴ» አሉኝ በአክብሮት፣ «ይቅርታ ግማሽ የለውም።»

«እውነት ነው ኦቦ። እስቲ ለዛሬ እርስዎ ጋ ይደር።»

«የኔ ቤት እንኳ ጠባብ ነው» አሉ ጫማቸውን እያዩ። ሁለተኛው ሳልጠይቃቸው «እኔ ደግሞ ሴት ልጆች አሉኝ» አሉ።

«እኔስ ምንድን ነኝ?» አልኳቸው። 

አማቴ ከባጃጁ ወርደው መጡ። እጄ በጄሶ ሳለ ፀጉሬን ያበጥሩልኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። «እማማ፣ እርስዎ ይግቡ፤ አልጋዎን አንጥፌአለሁ» አልኳቸው በበሩ ክፍተት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንዱን አፈር አለበስሁት። ይህኛውን መንገድ ላይ ጥዬ ብገባ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«እሱ ከገባ እኔን ትቀብሩኛላችሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ክንዱን ይዘው ወደ ባጃጁ መለሱት።

አሁን ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ በአማቴ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አብሯቸው ይኖራል። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ሌሊት የሚሰሙትን ጩኸት ይነግሩኛል። ለብቻቸው እንዲመጡ ሦስቴ ሰው ላክሁባቸው። ልጄ ነው፣ ልቡ ይመለሳል ብለው መለሱልኝ። እኔም አልሄድኩም፤ በሬንም አልከፈትኩም።