ለሰንጋው የታጨደው ሣር

ዳሞታ ላይ ሲዘንብ እኛ ሰፈር ገና ፀሐይ ነው። ወላይታ ሶዶን የማያውቅ ሰው ይህን ስነግረው የማጋንን ይመስለዋል። እኛ ግን ተራራው ሲያጉረመርም ልብሳችንን ከገመድ ላይ እንሰበስባለን፤ ትንሽ ቆይቶ ጎርፉ ይደርሳል። መንገዱ አፈር በነበረበት ጊዜ ውሃው እየሰረገ፣ ጉልበቱ እየደከመ ነበር የሚመጣው። ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ መንገዱ ራሱ ወንዝ ሆነ። የጋራዡን የተቃጠለ ዘይት፣ ፌስታሉን፣ የገበያውን ጥራጊ ሁሉ ጠራርጎ ሱቄ ፊት ለፊት ይታጠፍና ጎረቤቴ ጓሮ ይገባል።

ጎረቤቴ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። አማርኛቸው ወንዱንና ሴቱን ስለማይለይ እኔን «አንተ ልጅ» ይሉኛል፣ ባሌን ደግሞ «አንቺ»። ቤታቸው ጎርፉ በቦረቦረው ገደል አፍ ላይ ነበር። በየክረምቱ ገደሉ ከጓሯቸው እንሰት እየነቀለ ይጠጋቸዋል። ልጆቻቸው ሻንቶ ከተማ ናቸው፤ «እኛ ጋ ነይ» ብለው ለምነው ደክሟቸዋል። እሳቸው «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ይላሉ። እዚያች ቤት ማርጀት ነበር የሚፈልጉት፣ ሌላ ምንም አይደለም።

የልማት ቡድን ስብሰባ በበዛበት በዚያ ዘመን፣ አንድ ጊዜ እንኳ የሚረባ ነገር ተወራ። ከቀበሌ የመጣ ባለሙያ ገደሉን በድንጋይ እንድንከትረውና እንድንተክልበት ነገረን። ግራና ቀኙን ሣር፣ ታች ውሃው በሚያቁርበት ቦታ ደግሞ ፊላና ቄጠማ። ሣሩ የጎርፉን ጉልበት ይሰብራል፣ ደለሉን ይይዛል፤ ፊላው ዘይቱንና እድፉን ያስቀራል አለ። ይዞ የመጣው ቬቲቨር የሚባል ሥሩ በጣም የሚጠልቅ ሣር ነበር። ወንዶቹ ቅጠሉን አሹት፣ አሸተቱት።

«ከብት ይበላዋል?» አሉት።

«ሲጠነክር ብዙም አይወደው።»

አለቀ! ከብት የማይበላውን ሣር ወላይታ ውስጥ ማን ይተክላል? ደሾ ይሁን ተባለ። ደሾም እውነቱን ለመናገር ክፉ ሣር አይደለም፤ አፈር ይይዛል፣ ከብቱም ይሞትለታል። ባለሙያው «እንግዲህ በክረምት እንዳትነኩት» ብሎን ሄደ።

ተከልን። እኔም ሱቄን ዘግቼ ጭቃ ውስጥ ገባሁ፤ ወላሂ ወገቤ ለሳምንት አልቀና አለ። እማማ ጠባቂ ሆኑ። ፍየል ሲጠጋ በድንጋይ፣ ልጅ ሲጠጋ በስድብ ያባርራሉ። በሁለተኛው ክረምት ገደሉ ባለበት ቆመ። ከላይ ጠቁሮ የገባው ውሃ ከፊላው ሥር ጠርቶ ሲወጣ ባየሁ ጊዜ በብርጭቆ ቀድቼ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጥኩት። ለገዢው ሁሉ «ይኸውላችሁ፣ የጋራዡ ውሃ» እላለሁ። «እስቲ ጠጪው!» ይሉኛል። «አላበድኩም» እላለሁ። ግን እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ጊፋታ ደረሰ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል፣ ያለ ሥጋም አይታሰብም። የሰፈሩ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ ሰንጋ ይገዛል፣ አንዱ ቤት ታስሮ ይቀለባል፣ በዓሉ ሲደርስ ይታረድና ቅርጫ ይካፈሉታል። የደለበ በሬ የሰፈር ስም ነው፣ የከሳ በሬ ደግሞ የሰፈር ውርደት። እማማም የቅርጫው አባል ነበሩ። እኔ ወላጆቼ ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ነኝ፤ ያንን ሥጋ አልበላም፣ ቅርጫውም አያገባኝም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቅርጫው ሰዎች ማጭድ ይዘው መጡ። «እማማ፣ ለሰንጋው ትንሽ ሣር» አሏቸው። «ጫፉን ብቻ» አሉ እሳቸው። ጫፉን አጨዱ። በሬው ወደደው። በማግስቱ ዝቅ አድርገው አጨዱ፣ ከዚያ ደግሞ ከዚያም ዝቅ። ሴቶቹ በበኩላቸው ቄጠማውን ለበዓሉ ጉዝጓዝ ብለው ነቀሉት። መስከረም ሲጠባ የገደሉ ዳር እንደተላጨ ራስ ሆነ።

ከሱቄ ወጥቼ ጮህኩ። «ኧረ በአላህ! ዝናቡ መች ወጣ?»

ማጭድ ከያዙት አንዱ ቀና ብሎ፣ «አንቺ ቅርጫ የለሽ፣ ምን አገባሽ?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ።

ወደ እማማ ዞርኩ። «እርስዎስ? የሚፈርሰው የእርስዎ ቤት አይደለም እንዴ? ይከልክሏቸው እንጂ!»

«አንተ ልጅ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለጊፋታ በሬ ሣር ነሳ ልባል?»

እሳቸውንም እነሱንም በአንድ ላይ እየተቆጣሁ ቤቴ ገብቼ ለባሌ ስለፈልፍ አመሸሁ።

ጎርፉ የመጣው በገበያ ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ዳሞታ ጠቆረ፣ ወዲያው መንገዱ ሞላ። ውሃው ራቁቱን የቀረውን ዳር ሲመታው የከተርነውን ድንጋይ እንደ ድንች አንከባለለው። መጀመሪያ ማድ ቤቱ ሄደ። ከዚያ የጓዳው ግድግዳ ቀስ ብሎ ታጠፈ። እማማን ከውስጥ ተሸክሞ ያወጣቸው ያ «ምን አገባሽ» ያለኝ ሰውዬ ነው፤ ያለቅስ ነበር። ልሰድበው አስቤ ሳየው ተውኩት። ከታች፣ ፊላው የነበረበት ቦታ፣ ውሃው እንደ ድሮው ጥቁር ሆኖ ወረደ። ልጆቻቸው መጥተው ሻንቶ ወሰዷቸው።

በጊፋታ ዋዜማ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ሽማግሌዎች እማማን ከሻንቶ አስጠሯቸው፤ እኔንም እንደ ጎረቤት ተቀመጪ አሉኝ። ያ ሰውዬ እማማ ጉልበት ላይ ወደቀ፣ ሌሎቹም አጎነበሱ። እኔ እማማ እንዲጮሁ፣ እንዲራገሙ ነበር የምፈልገው። እሳቸው ግን ሰውዬውን ክንዱን ይዘው አነሱት።

«ልጆቼ ናችሁ። ይቅር ብያለሁ» አሉ።

«እሰይ! ተመስገን!» ተባለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ልብሱን እያራገፈ ተነሳ። በዚያ ዋዜማ ሰው የሚያድረው በገዛ ቤቱ ነውና ሁሉም ለመሄድ ቸኩሏል። እማማ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ ደግመው። «እኔ ታዲያ ዛሬ የት ልደር?»

የተነሱት በቆሙበት ቀሩ።