በረቡዕ የገባ ቅቤ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በምሠራበት ሆቴል፣ ማድ ቤቱ ውስጥ ምስር አረረ። ያ መራራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ጋሼ ዓለሙ ትዝ አሉኝና ሰው ሳያየኝ ብቻዬን አፈርኩ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የባልትና መምህራችን፣ መምህርት አስካለ፣ ረቡዕ ረቡዕ አንድ ሼፍ እየመጡ እንደሚያስተምሩን ነገሩን። ጋሼ ዓለሙ አዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል ሲሠሩ ኖረው፣ የታመሙ እናታቸውን ሊያስታምሙ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ቁልፉ በሁለት ረድፍ የተደረደረ ነጭ ኮታቸው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። ቢላቸውን በፎጣ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። ወንድ ወጥ ሲሠራ አይተን የማናውቅ ልጆች «እማማ ዓለሙ» አልናቸው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰምተዋል። ግን እንዳልሰሙ ሆነው «ሽንኩርት አያስለቅስም ልጆቼ፤ የሚያስለቅሰው የደነዘ ቢላ ነው» እያሉ ጣቶቼን ቢላው ላይ አንድ በአንድ ያስተካክሉልኝ ነበር።

በጥቅምት ወር በአንዱ ረቡዕ፣ የሠራነውን እንዲቀምሱ ወላጆች ተጠሩ። ጋሼ ዓለሙ እንግዶቹን ሊቀበሉ ሲወጡ የምስሩን ድስት ለእኔ አደራ ሰጡኝ። እኔ በመስኮት ከጓደኞቼ ጋር ስሳሳቅ ወጡ ከሥር ያዘ። ሲሸተኝ ደነገጥኩ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከመምህርት አስካለ የማክሰኞ ትምህርት የተረፈ የተነጠረ ቅቤ በጣሳ ተቀምጦ ነበር። ሽታውን ይሸፍንልኛል ብዬ አንድ ጭልፋ ጨመርኩበት። ቀኑ የጾም ቀን መሆኑ ትዝ ያለኝ ወጡን ሳማስል ነው። ድስቱን ከደንኩት።

መጀመሪያ የጎረሱት የአንድ ቄስ ባለቤት ነበሩ። ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ።

«ቅቤ! በረቡዕ ቅቤ ያበሉናል? አዲስ አበባ ጾም የለም እንዴ?»

ክፍሉ ታወከ። ጋሼ ዓለሙ ወደ ድስቱ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አዩን። እኔ ጋ ሲደርሱ አቀረቀርኩ።

«ይቅር ይበሉኝ እናቴ» አሏቸው ለሴትዮዋ። «ድስቱ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ።»

ኮታቸውን አውልቀው አጣጠፉና ወጡ። በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጡም። ገበያው ሁሉ «ጾም አስገዳፊው» ይላቸው ጀመር። እኔም ሲባል እየሰማሁ አልፍ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ መምህርት አስካለ ለብቻዬ ጠሩኝ። አንድ ሆቴል ሠልጣኝ ፈልጎ ጋሼ ዓለሙን «ጥሩ ልጅ ይጠቁሙን» ብሏቸው ኖሮ፣ የእኔን ስም ወረቀት ላይ ጽፈው ልከዋል። ከስሜ ሥር እንዲህ ይላል፦

«እጇ መልካም ነው። ስትደነግጥ ግን ትደብቃለች። ስታጠፋ አትቆጧት፤ እስክትናገር ታገሷት።»

በዚያች ወረቀት ሥራ ገባሁ፤ እስከ ዛሬም እንጀራዬ እሷው ናት። ጋሼ ዓለሙ አማኑኤል ከተማ አርጅተው ተቀምጠዋል ይላሉ። ቅርብ ነው። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ ተሳፍሬ፣ መኪናው ሳይሞላ ወርጃለሁ።